ስለ 2,147,483,647 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ቀን ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ሁለቱም ቦታ ይህ ቁጥር ስለማይለቀኝ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ (“ዓ.ም.” ያልተባለ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)።

እንዴት ነው የሚነበበው?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። አሥር አኃዝ ነው። በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

በግዕዝ ጻፍልን የሚሉኝም አሉ፣ በተለይ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ። ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ነው። ቁጥሩን ከኋላ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ አድርጋችሁ ቁረጡት፦ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47። ከዚያ በየመሃሉ ፼ እና ፻ እያፈራረቃችሁ አስገቡ፤ አለቀ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ደግነቱ የእኛ ቁጥርም አንድ ዜሮ የለበትም።

ከየት የመጣ ነው? ለምን ድፍን ሁለት ቢሊዮን አልሆነም?

ለእኛ ድፍን የሚመስለን በአሥር ስለምንቆጥር ነው። ይህ ቁጥር የሁለት ልጅ ነው። 1 ብላችሁ ጀምሩና 31 ጊዜ ዕጥፍ አድርጉት፤ 2,147,483,648 ይመጣል። ከዚያ ላይ አንድ ቀንሱ። በአጭሩ 2³¹ − 1 ብለን እንጽፈዋለን።

ለተማሪ የማስረዳው በብር ነው። ነሐሴ 1 ቀን አንድ ብር አስቀምጡ። በ2 ሁለት ብር፣ በ3 አራት፣ በ4 ስምንት፣ እንዲህ በየቀኑ ዕጥፍ። ነሐሴ 10 የዕለቱ 512 ብር ነው፤ ይህ ምንም አይደል። ነሐሴ 21 ግን የዕለቱ ብቻ 1,048,576 ብር ይደርሳል። ወሩ ሲያልቅ ጠቅላላው 1,073,741,823 ብር ሆኗል። ጳጉሜን 1 ላይ 1,073,741,824 ብር ትጨምራላችሁ፤ ያቺ አንድ ቀን ብቻዋን ከነሐሴ ወር ሙሉ በአንድ ብር ትበልጣለች። ሁለቱን ደምሩ። 2,147,483,647፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ።

ምን ያህል ትልቅ ነው?

በ200 ብር ኖት ቢከፈል 10,737,418 ኖት ይፈልጋል፣ ከላዩ 47 ብር ይተርፋል። መቶ መቶ ኖት አድርጋችሁ ብታስሩት ከ107,000 እስር በላይ። በአንድ ሰከንድ አንድ እያላችሁ፣ ሳትተኙና ሳትበሉ ብትቆጥሩ ደግሞ 68 ዓመት ከ18 ቀን ግድም ይፈጃል። ይህን የ68 ዓመት ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ፕራይም ነው?

ነው። ፕራይም፣ በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። ኢተጋማሽ መሆኑ ከመጨረሻው 7 ይታያል። አኃዞቹ ሲደመሩ 46 ስለሚሆኑ ለ3 አይካፈልም። ለ7 ብትሞክሩት 1 ይተርፋል። ለ11ም 1 ይተርፋል። ግን እንዲህ እየሞከሩ እስከ መቼ?

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። “31 ፕራይም ስለሆነ 2³¹ − 1ም ፕራይም ነው” ይላል። ግማሹ ትክክል ነው። ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፕራይም ካልሆነ ውጤቱም አይሆንም፤ 2⁴ − 1 ለምሳሌ 15 ነው። ላይ ያለው ፕራይም ሲሆን ግን ዋስትና የለም። 2¹¹ − 1ን አስሉ፤ 2,047 ነው፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ዘርዝሮ ነበር፤ ስማቸውም የመርሴን ፕራይም የሆነው በእሱ ነው። 31ን አስገብቷል፣ አልተሳሳተም። 67ንም አስገብቷል፣ እሷ ግን ጉድ አደረገችው። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 2⁶⁷ − 1 ማለት 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። የእኛው ቁጥር ከትንሹ ሲቆጠር ስምንተኛው የመርሴን ፕራይም ነው።

ያለ ኮምፒውተር ማን አረጋገጠው? እንዴት?

ሊዮናርድ ኦይለር፣ በ1772። የስዊዝ ሰው ነው፤ ያኔ የሚኖረው ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ውጤቱን ቤርኑሊ ለሚባል የሒሳብ ሰው በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ። እኔ በዚህ ዓይኔ የሱቅ ደረሰኝ ደምሬ ሁለቴ እሳሳታለሁ።

በጉልበት ቢሄድ ኖሮ እንዲህ ነበር። 46,341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ይበልጣል። ስለዚህ አካፋይ ካለው፣ አንዱ አካፋይ ከ46,340 መብለጥ የለበትም። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ፕራይሞች አሉ። 4,800 ጊዜ ረጅም ማካፈል በወረቀት! ኦይለር ግን መጀመሪያ የማይሆኑትን አባረረ። ሀ የሚባል ፕራይም ቁጥራችንን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። ያን ጊዜ 2ን እያባዛን ለሀ ስናካፍል የሚተርፈው በየ31 እርምጃው ወደ 1 ይመለሳል። 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከዚያ ያጠረ ዙር ሊኖር አይችልም። የዙሩ ርዝመት ደግሞ ሀ − 1ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ ይህን ፈርማ ከሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው የወረስነው ነው። ስለዚህ ሀ ከ31 ብዜት በአንድ ይበልጣል። ኢተጋማሽ ስለሆነም ከ62 ብዜት በአንድ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ 2³² ለሀ ሲካፈል የሚተርፈው 2 ነው፤ 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ካሬ ነው። ካሬ ሆኖ 2 የሚተርፍበት ኢተጋማሽ ፕራይም፣ ራሱ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ነው የሚተርፈው። ሁለቱን ማጣሪያዎች ስናጣምር ሀ ከ248 ብዜት በ1 ወይም በ63 የሚበልጥ ይሆናል። ሌላ መልክ የለውም።

አሁን ቁጠሩ። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያለ መልክ ያላቸው 373 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም አይደሉም። 63 ወደቀ። 249 ሦስት ጊዜ 83 ነው፣ ወደቀ። መሞከር ያለበት የመጀመሪያው 311 ነው። ካልኩሌተር አውጡና አካፍሉ፤ 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። አልሆነም፣ ቀጥሉ። እስከ መጨረሻው አንዱም ያለ ቀሪ አያካፍልም። አንድ ክረምት ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሙሉውን ሠርተነዋል፤ ሻይና ሳምቡሳ እያስመጣን ሦስት ማታ ፈጀብን።

“ፍጹም ቁጥር” ከሚባለው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ፍጹም ቁጥር አካፋዮቹ (ራሱን ሳይጨምር) ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው። 6 ለምሳሌ 1 + 2 + 3 ነው። ቀጣዩ 28። እያንዳንዱ የመርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል። የእኛውን በ2³⁰ ስታባዙት 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር እሱ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ፕራይም አይገኝም የተባለው እውነት ነው?

ተብሎ ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ከዚህ ቁጥር ስለሚወለደው ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ከእሱ የሚበልጥ መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ማንም አይደክምባቸውም ነበር ያለው። በ1876 ኤድዋርድ ሉካ የሚባል ፈረንሳዊ ደከመባቸው። 2¹²⁷ − 1 ፕራይም መሆኑን አሳየ፤ 39 አኃዝ ነው።

ትልቁ ፕራይም የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ፕራይሞች ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት አረጋግጦታል። ሊኖር የሚችለው “እስካሁን የታወቀው ትልቁ” ነው። በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 የአኃዙ ብዛት 41,024,320 ነው። እሱን ጮክ ብለህ አንብብ የሚለኝ እስካሁን አልመጣም፤ ይመስገነው።

ኮምፒውተር ለምን እዚህ ቁጥር ላይ ይቆማል?

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በማብሪያ ማጥፊያ ነው ብላችሁ አስቡ። ብዙ ፕሮግራም ለአንድ ቁጥር 32 ማብሪያ ይመድባል። አንዷ ምልክት ናት፤ ስትጠፋ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ ስትበራ ኔጋቲቭ። ለቁጥሩ የቀሩት 31 ናቸው። ሁሉም ሲበሩ 1 + 2 + 4 + 8 እያለ የሚደመረው የነሐሴው ብር ነው፣ 2,147,483,647።

እዚህ ላይ አንድ ሲጨመር 31ዱ በሙሉ ይጠፉና የምልክቷ ትበራለች። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ −2,147,483,648 ይሆናል። ሐረር ውስጥ የምናውቃቸውን አሮጌ ፔጆ ታክሲዎች አስቡ። የኪሎሜትር ቆጣሪያቸው ሞልቶ ሲያልፍ ዞሮ ዜሮ ይላል። ፔጆዋ ቢያንስ ዜሮ ላይ ታቆማለች። ኮምፒውተሩ ግን ካለው ሀብት በላይ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

በ2014 መጨረሻ የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ይህን ቁጥር አልፎ ነበር። ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ማብሪያ አሳደገው። አዲሱ ጣራ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ እሱን የሚያልፍ ዘፈን ገና አልተዘፈነም።

ታዲያ ኮምፒውተሮች የመረጡት ፕራይም ስለሆነ ነው?

አይደለም። ይህን የሚል ቪዲዮ በወር አንዴ ይላክልኛል። አጋጣሚ ገጣጠማቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ማስረጃው ጎረቤቶቹ ናቸው። በ16 ማብሪያ ጣራው 32,767 ነው፤ እሱ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151 ነው። የ64ቱ ጣራም ለ7 ይካፈላል። ከሦስቱ ፕራይም የሆነው የ32ቱ ብቻ ነው።

ሆኖም ፕራይምነቱን የተጠቀሙበት አልጠፉም። በ1988 ፓርክና ሚለር ለኮምፒውተር የዘፈቀደ ቁጥር ማውጫ አንድ ቀላል ዘዴ ጻፉ። ያላችሁን ቁጥር በ16,807 ማባዛት፣ ለ2,147,483,647 ማካፈል፣ የተረፈውን መያዝ። ከዚያ መድገም። አካፋዩ ፕራይም ስለሆነና ማባዣውም በደንብ ስለተመረጠ፣ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይወጣ ዙሩ አይደገምም።

የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር ሁሉ 2147483647 ሆነብኝ። ቫይረስ ነው?

ቫይረስ አይደለም። ልጁን አትቆጡት፣ ወይም ትንሽ ብቻ ተቆጡት። አንድ ቀን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ዕቃ የምትሸጥ እናት ከልጇ ጋር ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ልጁ ኮሌጅ የተማረውን ተጠቅሞ የደንበኛ መመዝገቢያ ሠርቶላታል። ከፈትኩት። ስም ለየብቻ፣ ቀሪ ሒሳብ ለየብቻ፣ ስልክ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። “ልጄ፣ እኔ የሸጥኩት ለአንድ ሰው ነው እንዴ?” አለችኝ።

የሆነው ይህ ነው። ልጁ የስልኩን ቦታ “ኢንት” አድርጎታል፣ ማለትም 32 ማብሪያ ያለው ቁጥር። 0915 ብሎ የሚጀምር ስልክ ሲገባ የፊቷ ዜሮ ትጠፋና ዘጠኝ አኃዝ ይቀራል፤ ይህ ከጣራው በታች ስለሆነ ይገባል። ሞባይሉ በ251 ሲጀምር ግን አሥራ ሁለት አኃዝ ነው፣ አይገባም። መዝገቡን የሚይዘው ማይኤስኪውኤል የሚባለው ፕሮግራም ቁጥጥሩ ሲላላ ደግሞ “አልችልም” አይልም፤ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል። መፍትሔው ስልክን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፤ “ቫርቻር” የሚለውን ምረጡ። ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይባዛም፤ በስም ብቻ ነው ቁጥር የሆነው። የጠፋው ግን ከሰንጠረዡ ውስጥ አይመለስም። ሴትዮዋን ያዳናት የዱቤ ደብተሯ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። 214 የዳላስ ከተማ የስልክ መለያ ስለሆነ 214-748-3647 እውነተኛ ስልክ ይመስላል፤ በየመዝገቡ ተመዝግቦ ይገኛል።

በሳንቲም ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ያላችሁም ተጠንቀቁ። በዚህ ዓይነት ቁጥር ጣራችሁ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ብቻ ነው። ለአንድ ጅምላ ነጋዴ ይህ ሩቅ አይደለም።

በ2038 ምን ይሆናል?

ብዙ መሣሪያ ሰዓት የሚያውቀው ሰከንድ እየቆጠረ ነው። ቆጠራው የተጀመረው ጃንዋሪ 1፣ 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቆጠራውን በ32 ማብሪያ የሚይዝ መሣሪያ 68 ዓመት ከ18 ቀን ግድም ቆጥሮ ጣራው ላይ ይደርሳል። ቀኑ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ነው። ወደ እኛ ስትቀይሩት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

ጥር 11! ጥምቀት ነው። ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ ውኃው ዳር አድረዋል፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወጥቷል፤ ሰማዩ ነጥቶ ፀሐይ ገና አልወጣችም። የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ የሚፈራት ሰከንድ እኛ ጠበል ስንጠብቅ ነው የምታልፈው። መጀመሪያ ያሰላሁት ቀን ስላላመንኩ ሦስቴ ደገምኩት።

ቀጥላ ባለችው ሰከንድ ያልተስተካከለ መሣሪያ ቁጥሩ ኔጋቲቭ ይሆንና ወደ ኋላ ይወረወራል። የሚያርፈው ዲሴምበር 13፣ 1901 ላይ ነው፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ድሬዳዋ ግን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ ያኔም አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ስለዚህ ያ መሣሪያ የሚያሳየው ቀን ድሬ ገና ያልተወለደችበት ነው። ይህን ለሐረር ጓደኞቼ መንገር አልነበረብኝም። “እኛ ግን በጁገል ውስጥ ተኝተን ነበር” ይሉኛል እስከ ዛሬ።

የኔ ስልክ ያን ቀን ይበላሻል?

ዛሬ የምትገዙት አብዛኛው ስማርት ስልክ ጊዜን በ64 ማብሪያ ነው የሚቆጥረው። በዚያ ሒሳብ ጣራው 292 ቢሊዮን ዓመት ግድም ይርቃል። በ32 ለሚሠሩ አሮጌ መሣሪያዎችም ብዙ መሣሪያ የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት በ2020 በወጣው 5.6 እትሙ መፍትሔ አስገብቷል። የሚያሳስበኝ ስልክ አይደለም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተረሳው ነው፦ የካሜራ መቅጃ፣ የሠራተኛ ጣት አሻራ ማንሻ፣ አንድ ጊዜ ተገጥሞ ማንም ያላሻሻለው ዕቃ። እነዚህ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለግላሉ፤ 2030 ዓ.ም. ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ስትገዙ ሻጩን “ቀኑ ከ2038 በፈረንጅ ያልፋል ወይ?” በሉት፤ እዚያው ቀኑን አስቀይሩት።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ፈልጉ። የቀን ማስተካከያው ውስጥ ግቡና ዓመቱን ወደፊት ግፉት። አንዳንዶቹ ላይ 2037 ዲሴምበር 31 ደርሶ ቀጥ ይላል፤ ጣታችሁ እስኪደክም ብትገፉት አያልፍም። መሳቢያዬ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ አለኝ፤ ለተማሪ የማሳየው እሱን ነው።